ትራፊ ጭነት

ዳምጠው ሊበን የዕለት ሥራውን የሚጀምረው በመጥረጊያ ነበር።

የኤላ በሬዳ የሐዲድ ሚዛን ሲያዩት ከሌላው ሐዲድ አይለይም። ሃያ ሜትር ያህል የሚረዝም የሐዲድ ቁራጭ ነው። ልዩነቱ በሁለቱም ጫፎቹ ጣት የምታስገባ ክፍተት ያለችው መሆኑ ነው። ከክፍተቷ ወዲህ ያለው ሐዲድ መሬት ላይ የተኛ ነው፤ ከክፍተቷ ወዲያ ያለው ግን ከሥሩ ባለው ጉድጓድ ውስጥ በቆሙ ብረቶች ላይ ተንሳፍፎ ተቀምጧል። ባቡሩ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲያልፍ ፉርጎዎቹ ተራ በተራ ይወጡበታል፣ ይመዘናሉ፣ ይወርዳሉ። ክፍተቷ ውስጥ ጠጠር ከተሰነቀረ ግን ተንሳፋፊው ሐዲድ ከመሬቱ ጋር ይያያዝና ከጭነቱ ከፊሉን መሬት ይሸከምለታል። ያኔ ሚዛኑ ይዋሻል። ዳምጠው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠጠር እንዳይሰነቀር በየማለዳው ሲጠርግ ኖረ። ሚዛኑን በዓመት ሁለት ጊዜ ስድሳ ቶን ልክ በሆነ የመፈተኛ ፉርጎ ይፈትኑታል፤ አንድም ቀን ስቶ አልተገኘም።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ነው። ኤላ በሬዳ በአገሬው ቋንቋ «ያማረው የውኃ ጉድጓድ» ማለት ነው። ጉድጓዱ ዳምጠው ሳይወለድ ደርቆ ስሙ ብቻ ቀርቷል። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የሙቀቱ ጡሩምባ ይነፋል። ከዚያ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሰው ከጥላ እንዳይወጣ ይከለከላል። ዕቃ ግን አይከለከልም። የጭነት ባቡሩ ቀን እየዘለለ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ስንዴውን ወደብ አራግፎ ባዶውን ወደ ደጋ ሲመለስ ያልፋል። ሾፌር የለውም። ደጅ እንዲወጣ የተፈቀደለት ዳምጠው ብቻ ነው፤ ለዚህም የምሥራቅ ሐዲድ ድርጅት በረዶ የሚሞላ ሰደርያ ሰጥቶታል።

ባዶ ፉርጎ ለምን ይመዘናል ብለው የሚጠይቁት ነበሩ። «ባዶ ነኝ የሚል ሁሉ ባዶ አይደለም» ይላቸው ነበር። የእያንዳንዱ ፉርጎ የባዶ ክብደት ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ከተጻፈው ከአርባ ኪሎ በላይ ከበለጠ ሚዛን ቤቱ ውስጥ ያለው የኮምፒውተር ማያ ምክንያት ይጠይቃል። የሚመረጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ትራፊ ጭነት። የመጨረሻው ፉርጎ ከሚዛኑ ሳይወርድ አንዱን መንካት ያስፈልጋል።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ያኔ ባቡሩ ገና ሾፌር ነበረው፤ በእጅ ምልክት ሲሰጡት ይቆማል። የፉርጎ ቁጥር 2208 ስድሳ አንድ ኪሎ በልጦ ተገኘ። ዳምጠው ባቡሩን አስቆመ፣ የስንዴ ክምር አገኛለሁ ብሎ አካፋ ይዞ ሄደ፣ የጎኑን በር ጎትቶ ከፈተ።

አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አርባ ዓመት ይሆናታል። ወለሉ እንዳይቆሽሽባት የሰጋች ይመስል ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። አካፋውን አየች፣ ቀጥሎ ዓይኑን አየች።

«ስንት ኪሎ ሆንኩ?» አለችው።

«ስድሳ አንድ።»

«ከስቻለሁ» አለች።

ዳምጠው አካፋውን መሬት ላይ አኖረ። የቆላ መታወቂያ ያለው ሰው ወደ ደጋ የሚወጣው ተራው ሲደርስ ብቻ እንደሆነ ያውቃል፤ ተራው ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ሰው ሲገኝ ዘብ እንዲጠራም ደንቡ ያዝዛል። ሴትዮዋ አልለመነችውም፣ አላለቀሰችም። ቢያወርዳት ጡሩምባው ከተነፋ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎታል፤ በዚያ ፀሐይ መንደሯ ድረስ በእግሯ አትደርስም። በሩን መልሶ ዘጋው። ሚዛን ቤቱ ገብቶ ማያው ላይ «ትራፊ ጭነት» የሚለውን ነካ። ዝናብ እንዳይል ዝናብ የለም፤ ጭቃ እንዳይል ጭቃ ከወዴት ይመጣል?

ከዚያን ቀን ወዲህ በር ከፍቶ አያውቅም። ያላየሁትን አላውቅም፣ ያላወቅሁትን አልዋሸሁም ብሎ ራሱን አሳመነ። ማያው ይጠይቃል፤ እሱ ይነካል። ከጊዜ በኋላ ቁጥሩን እያየ ሰውየውን መገመት ለመደ። አርባ ስምንት ከሆነ ሴት ናት። ሰባ ከሆነ ጎልማሳ ወንድ ነው። አንድ ቀን መቶ ሠላሳ አንድ መጣ፤ ሁለት ናቸው አለ በሆዱ፣ መንገዱ እንዳይረዝምባቸው እያወሩ ቢሄዱ ብሎ ተመኘ። ሰዎቹ ቀይ ዳገት ላይ፣ ባቡሩ አቀበቱ ከብዶት ሲያዘግም፣ በጣሪያው መስኮት ወጥተው ይዘላሉ ሲባል ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ደጋ ነው፣ ውኃ ያለበት አገር።

ወሬው በየሰፈሩ ተዳረሰ። «የኤላ በሬዳ ሚዛን ሆደ ሰፊ ነው» ይባል ጀመር። አንድ ሽማግሌ አንድ ቀርበት ቅቤ ይዘው ሊያመሰግኑት መጡ፤ ምን እንዳደረገ እንደማያውቅ ነግሮ መለሳቸው። ነገር ግን ደስ ብሎት ነበር። ልጅ አልወለደም፣ ሀብት አላፈራም፤ ይህን ለነፍሱ ስንቅ አድርጎ ቆጠረው።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ሰኞ ረፋድ፣ ማያው እንዲህ የሚል መልእክት አሳየው፦

«ውድ ባለ ሚዛን፣ የአሥራ አንድ ዓመት ምላሽዎን ተምረናል። ከዛሬ ጀምሮ ምክንያቱን እኛ እንሞላለን። እናመሰግናለን።»

የዚያን ቀን አንድ ፉርጎ ሃምሳ ሰባት ኪሎ በለጠ። ዳምጠው ጣቱን ሲዘረጋ «ትራፊ ጭነት» የሚለው ቀድሞት ተጻፈ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። የተሰማው ነገር ቢኖር እፎይታ ነው። ከዛሬ ወዲህ እኔ አልዋሽም፣ ሚዛኑ ራሱ ይዋሽልኛል አለ። ስለዚያች እፎይታ በኋላ ባሰበ ቁጥር ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ኢብላ መጣች። ኢብላ የግመል ወተት ሻጭ ናት፤ በየማለዳው ጡሩምባው ሳይነፋ ለጣቢያው ሰዎች ወተት ታዳርሳለች። የድሬ ዳዋ ልጅ በመሆኗ ትልቅ ትንሽ ሳትለይ ሁሉንም «አንተ» ትላለች። የዚያን ቀን ወተቱን ቀድታ ቆማ ቀረች።

«አቦ ዳምጤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ።»

«ሮብሌ ወጥቷል። ወንድሜ። ራሴ ነኝ የሸኘሁት፣ እስከ ቁርጡማ ድረስ።» ቁርጡማ ከኤላ በሬዳ በታች ያለ ማለፊያ ነው። ባዶው ባቡር የሚወርደውን ለማሳለፍ አንድ ሰዓት ይቆምበታል፤ ሰዎቹም የሚሳፈሩት እዚያ ነው። «ደጋ ስደርስ እደውላለሁ ብሎኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀኑ።»

«ዳገቱ ላይ ኔትወርክ ያስቸግራል ይላሉ።»

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ያስቸግራል?» አለች። «አንተ ጋ ማለፉን ብቻ ንገረኝ። ማክሰኞ ነበር።»

ዳምጠው የዚያን ማክሰኞ መዝገብ ገልጦ አየ። የበለጠው አንድ ፉርጎ ብቻ ነው፤ ቁጥር 3117፣ ስድሳ ስድስት ኪሎ።

«ሮብሌ ስንት ኪሎ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ስድሳ አራት፣ ስድሳ አምስት። ዳቦና ውኃ ይዟል።»

«አልፏል» አላት ፈገግ ብሎ። «አልፏል፣ አይዞሽ። ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል።»

ኢብላ እጁን ስማው ሄደች።

በሳምንቱ ወደ ወደብ የሚወርድ ባለ ስንዴ ባቡር ሚዛኑ ላይ ሲያልፍ ዳምጠው ቁጥር 3117ን አየው። ሌሎቹ ሠላሳ ሰባት ፉርጎዎች የቆላ አቧራ ለብሰው ቡናማ ሆነዋል፤ 3117 ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ያብረቀርቃል። ቁጥሩ እንደገና ተቀብቷል። ሲያልፍ የሶዳ ሽታ ጥሎ ሄደ። ዳምጠው ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈው። በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ባዶው ባቡር ከታች ብቅ እያለ፣ አዲስ አበባ ወዳለው መቆጣጠሪያ ማዕከል ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ኢንጂነር ምሕረት ነኝ» አለ የወጣት ሴት ድምፅ። «የኤላ በሬዳው አቶ ዳምጠው ነዎት? ደስ ሲል! ስምዎ እኮ ሪፖርቱ ላይ አለ።»

«የምን ሪፖርት?»

«የማጠቢያው ነዋ። ትራፊ የሚያሳየው የእርስዎ ሚዛን ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ጣቢያዎች ዜሮ ናቸው። ጥናት ተደረገ። የዓመታት ትራፊ ስንዴ ነቀዝ ያፈራል ተባለና ኅዳር ላይ ቀይ ዳገት ሥር ማጠቢያ ተከፈተ። ያለ እርስዎ መረጃ አይሠራም ነበር።»

የመጀመሪያዎቹ ፉርጎዎች ሚዛኑ ላይ መውጣት ጀመሩ። ቤቱ በእርጋታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እንዴት ነው የሚታጠበው?» አለ ዳምጠው።

«በራሱ ነው። ትራፊ የተባለው ፉርጎ ተለይቶ ይገባል፤ ሳይከፈት፣ የጣሪያው መስኮት ከላይ ይቆለፍና፣ አርባ ደቂቃ በእንፋሎትና በሶዳ ይታጠባል። ከዚያ ይመዘናል። ክብደቱ ልክ ከሆነ ይወጣል።»

«ልክ ካልሆነስ?»

«እንደገና ይታጠባል።»

ማያው ላይ «ቁጥር 1940፣ ልዩነት 52 ኪሎ። ትራፊ ጭነት» የሚል ተጻፈ። ዳምጠው ቁጥሩን አየ። አርባ ስምንት አይደለም፣ ሃምሳ ሁለት፤ ትንሽ ዕቃ የያዘች ሴት። ወዲያው ሁለተኛው መጣ። «ቁጥር 1946፣ ልዩነት 79 ኪሎ። ትራፊ ጭነት።»

«ሰው ነው» አለ።

«አቤት? አልሰማሁዎትም።»

«ትራፊው ሰው ነው! ከመታጠቡ በፊት በር የሚከፍት የለም?»

«እዚያ ማንም የለም፣ አቶ ዳምጠው» አለች ኢንጂነር ምሕረት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ መዶሻ ይዞ ወጣ። የበረዶ ሰደርያውን ረስቶታል። የፉርጎዎቹ ሰልፍ ከሚዛኑ እየወረደ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ድሮውንም ያመዋል፤ ቢሆንም 1940ን ደረሰበት። የበሩን ማሰሪያ ጎተተው። በሮቹ ከማዕከል ካልታዘዙ መከፈት ካቆሙ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ይህን ያውቃል፣ ግን ጎተተው። ከዚያ በመዶሻው ጎኑን ይደበድብ ጀመር።

«ውረዱ! በጣሪያው ውጡ! ከፊት ማጠቢያ አለ፣ ይገድላችኋል! ውረዱ!»

ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ጆሮውን የጋለው ብረት ላይ አስጠግቶ እየሮጠ አዳመጠ። አንድ ሳል ተሰማ፤ ወዲያው በእጅ ታፈነ። ያኔ ገባው። ከውጭ የሚጮኽና ብረት የሚደበድብ ወንድ ምን ማለት እንደሆነ ውስጥ ያሉት ያውቃሉ፤ በጮኸ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ዝም ይላሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባካችሁ» አለ፣ «እባካችሁ፣ ጠላት አይደለሁም»፤ ባቡሩ ግን ሚዛኑን ጨርሶ ፍጥነቱን እየጨመረ ነበር። ዳምጠው ጠጠሩ ላይ በፊቱ ተደፋ። ሲነሳ የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ከሙቀቱ ጋር ይንቀለቀላል።

እየተንገዳገደ ተመልሶ ስልኩን አነሳ። ኢንጂነር ምሕረት አልዘጋችም።

«ሰማሁዎት» አለች። የቅድሙ ድምፅዋ አልነበረም። «ምክንያቱ እንዲቀየር ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መልሱ አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል።»

«ባቡሩ ማጠቢያው ጋ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ።»

«አቁሚው።»

«ማቆሚያው እኔ ጋ አይደለም።»

«ማን ጋ ነው?»

የኮምፒውተር ቁልፎች ስትነካካ ተሰማው። «አቶ ዳምጠው» አለች በመጨረሻ፣ «እሱን አላውቅም። አንድም ቀን ማወቅ አስፈልጎኝ አያውቅም።»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። አርባ አምስት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ አርባ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ሌላ አርባ ደቂቃ። ስንት ጊዜ እንደሚታጠቡ ሊያስብ አልደፈረም፤ ግን ሲያስብ ራሱን አገኘው። ክብደት በአንድ ጊዜ አይጠፋም።

ቀጣዩ ባዶ ባቡር ሐሙስ ነበር። ዳምጠው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ባቡሩን ሐዲዱ ላይ ቆሞ ሊያስቆመው አሰበ፤ ቢያስቆመው ደግሞ ዘብ ይመጣል፣ ሰዎቹም ይያዛሉ። ሐሙስ ማለዳ ከሙቀቱ ጡሩምባ በፊት ወጣ። መጥረጊያውን አልያዘም። ከሐዲዱ ዳር ጠንካራ ጠንካራ ጠጠር እየመረጠ በሚዛኑ ክፍተት፣ በዚህም በዚያም ጫፍ፣ በመዶሻ እየመታ ሰነቀረው። ሃያ ስድስት ዓመት ያጸዳውን ነው የሚያበላሸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ባቡሩ አለፈ። ፉርጎዎቹ ሁሉ ከተጻፈባቸው በታች ቀለሉ፤ ሠላሳ ስምንቱም። ማያው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ምክንያት ሠላሳ ስምንት ጊዜ ጻፈ፦ «የሚዛን ብልሽት»። ትራፊ ተብሎ የተለየ አንድም ፉርጎ አልነበረም። በውስጣቸው ስንት ሰው እንደነበረ ዳምጠው እስከ ዛሬ አያውቅም። ባቡሩ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ ሸኘው።

የዚያኑ ቀን አሥር ሰዓት ሲሆን፣ የሙቀቱ ክልከላ እንደ ተነሳ፣ ኢብላ ቤት ሄደ። ኢብላ ደጃፏ ላይ ወተት ታጠላለች። ሲያያት ሊቀመጥ ፈለገ፣ ግን መቀመጥ የሚገባው አልመሰለውም።

«ደወለ?» አለች ፊቱን ሳታይ። ከዚያ አየችው። ማጥለያው ከእጇ ወድቆ ወተቱ ፈሰሰ።

ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ አሥራ አንዱ ዓመት፣ ማያው መጠየቅ ስላቆመበት ቀን፣ ስለ ማጠቢያው፣ ስለ 3117። እሷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ወተቱ መሬቱ ላይ ደርቆ ነበር።

«በሩን ከፍተህ አይተኸዋል?» አለችው።

«አላየሁትም።»

«ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ አንዱንም?»

«አንዱንም።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ፣ ክፉ ሰው፣ ዘብ ጠርቶ የሚያስወርድ?»

ዳምጠው ጎንበስ ብሎ ማጥለያውን ከመሬት አነሳላት።

«ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ» አለች ኢብላ፣ «ወንድሜ አንተን እየረገመ በእግሩ ቤቱ ይመጣ ነበር። እኔም አብሬው እረግምህ ነበር። ወላሂ፣ ለልጆቹም ያስተምር ነበር ስምህን መርገም።» ማጥለያውን ከእጁ ነጠቀችና «ሂድ» አለችው። «አትቁምብኝ፣ ሂድ።»

ቅዳሜ የመፈተኛው ፉርጎ ከሁለት ተቆጣጣሪዎች ጋር መጣ። ስድሳው ቶን አርባ አንድ ሆኖ ተመዘነ። ትልቁ ተቆጣጣሪ ተንበርክኮ ከክፍተቱ አንድ ጠጠር በጉጠት አወጣ፣ መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«አቶ ዳምጠው፣ ይህ በነፋስ የገባ አይደለም።»

«በእጄ ነው ያስገባሁት።»

«ለምን?»

ለኢብላ የነገራትን ነገረው። ተቆጣጣሪው ጥሩ ሰው ነበር፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠው፣ ላቡን ጠረገ፣ እጁ ላይ ያለውን ቅጽ ደጋግሞ አየ። «አባቴ» አለው በመጨረሻ፣ «የሚሉትን ሰምቻለሁ። የምጽፍበት ቦታ ግን የለኝም።» ከዚያ ባለ ሚዛኑ ሆን ብሎ መሣሪያ አበላሽቷል ብሎ ጻፈ። ያም እውነት ነበር። ዳምጠው ፈርሞ ከሥራው ተሰናበተ። ክፍተቱ መጥረግ እንዳያስፈልገው በብረት ሽፋን ተከደነ፤ በቦታው ሌላ ሰው አልተቀጠረም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ኢንጂነር ምሕረት በስሙ ያስገባችው ማመልከቻ መልስ ስልኩ ላይ መጣ፦ «ማመልከቻዎ ታይቷል። ‹ሰው› የሚል ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ለውጡን ማድረግ አልተቻለም።»

በዚያው ሳምንት ኢንጂነር ምሕረት ከራሷ ስልክ ደወለችለት። ፈቃድ ወስዳ ቀይ ዳገት ድረስ ሄዳ ነበር። «በሩ አይከፈትም» አለችው። «ከኋላ በኩል ግን የውኃ መውረጃ አለ፤ ላዩ ላይ ወንፊት አለ። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው…» ቆይታ «የጫማ ሶል ነው» አለች። «የቀበቶ ዘለበትም አለ። ለፖሊስ ወስጄ ሰጠሁ። የሐዲዱ ክልል ውስጥ ሥልጣን የለንም አሉኝ።» ዳምጠው ዘለበቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ሊጠይቃት ፈልጎ ተወው። እኔም ከሥራው ወጥቻለሁ አለችው፤ ያንን የነገረችው እንዲያጽናናው ይሁን እንዲያጽናናት አልገባውም።

ማጠቢያው ሥራውን ቀጠለ።

ዳምጠው ወደ ቁርጡማ መሄድ ጀመረ። ባዶው ባቡር ቁርጡማ የሚደርሰው ጡሩምባው ከመነፋቱ አንድ ሰዓት በፊት ነው። ሰዎች ከግራር ሥር ወጥተው፣ መሰላል አስደግፈው፣ በጣሪያው መስኮት ይገባሉ። የመጀመሪያ ቀን አልጮኸም፤ ጩኸት ምን እንደሚያደርግ ተምሯል። ቀስ ብሎ የፉርጎውን ጎን አንኳኩቶ ማጠቢያ እንዳለ ነገራቸው። «የድርጅቱ ሰላይ ነው» አሉ። ሦስት ሰዎች ሄዱ። በሚቀጥለው ጊዜ ለመናቸው፣ በእናቱ ማለ፤ አንድ ወጣት ሳቀበት። አምስት ሰዎች ሄዱ።

በሦስተኛው ጊዜ ኢብላ መጣች። አልጠራትም። አጠገቡ ቆመች፣ አላናገረችውም፣ ወደ እሱም አላየችም። ግን እሱ በአማርኛ ያለውን እሷ በሶማሊኛ ደገመችው። ያን ቀን ሁለት ሴቶች ወረዱ። የቀሩት አራቱ ሄዱ።

ዳምጠው መኖሪያ ቤቱ ገብቶ አሰበበት። ማጠቢያ አለ ሲላቸው አያምኑትም፤ ሰውን ከመንገዱ ለማስቀረት የሚፈጠር ወሬ ብዙ ነውና። ሰው ማስፈራሪያን ላያምን ይችላል። በራሱ ላይ የሚመሰክርን ሰው ግን ዝም ብሎ አያልፈውም።

የካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ ሰውዬ ከሚስቱና ከስድስት ዓመት ልጁ ጋር ፉርጎ ውስጥ ገብቶ፣ የጣሪያውን መስኮት ለመዝጋት ብቅ ሲል ዳምጠው ከታች ቆሞ አገኘው።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለ ሰውየው።

«ዳምጠው ሊበን እባላለሁ» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት የኤላ በሬዳ ባለ ሚዛን ነበርኩ። በዚህ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ትራፊ ጭነት እያልኩ አሳልፍ ነበር። ማጠቢያው የተሠራው በእኔ ቃል ነው። ይህች ኢብላ ናት። ወንድሟን፣ ሮብሌን፣ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ኢብላ ተረጎመችው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ቃል በቃል አለችው።

ሰውየው ሁለቱንም አያቸው። ዘጠኝ ዓመት ተራ ጠብቆ ተራው ያልደረሰ ሰው ነበር፤ ፍየሎቹን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ፣ ለጎረቤቶቹ ደህና ሁኑ ብሎ ነበር የመጣው። በመሰላሉ ወረደ፣ እዳምጠው ፊት መጥቶ ቆመ።

«አንተ ነህ?» አለው በአማርኛ።

«እኔ ነኝ።»

ሰውየው ፊቱ ላይ ተፋበት። ዳምጠው አልጠረገውም። ባቡሩ ሊነሳ ሲያጉረመርም ሰውየው ዞሮ በመሰላሉ ወጣ፣ ሁለት እጁን ወደ ጨለማው ዘረጋና መጀመሪያ ልጁን፣ ከዚያ ሚስቱን አወረደ።